«ወንፈል የለም» ብዬ ጻፍኩ

ጥር 9 ቀን 2017፣ መካነ ሰላም

አሳምነው ደውሎ ቀኔን አበላሸው። የበግ ጠጉር ባናዎቻችንን አዲስ አበባ ተቀብሎ ጀርመን ላለ ገዢ የሚልክልን እሱ ነው። ሌላ ጊዜ ሲደውል «ፈርሂያ፣ ስንት ደረሰ?» ነው የሚለኝ። ዛሬ «በጉን ማን ሸለተው?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ቀልድ አይደለም። እዚያ አገር ለትልልቅ ኩባንያዎች ሕግ ወጥቷል አለ። የሚሸጡት ዕቃ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሠራው፣ የሠራው ሰው ተገድዶ ይሁን ወዶ፣ ልጅ ይሁን አዋቂ፣ ከሥር ከመሠረቱ ማወቅ አለባቸው። ካላወቁ ይጠየቃሉ። «ሕጉ ለትልልቆቹ ከሆነ እኔን ምን አገባኝ?» አልኩት። «ትልቁ እኔን ይጠይቀኛል፣ እኔ አንቺን እጠይቅሻለሁ» አለ። እኔስ ማንን ልጠይቅ? ፈታይዋን እማማ ይርገዱን ልጠይቅ፤ እሳቸው ደግሞ በጉን ይጠይቁ።

ስቄ ዘጋሁት እንጂ ሆዴ አልሳቀም። ይህ ገዢ ከሄደ ሌላ የለንም። ያገሬው ሰው ባና ትቶ ከሱቅ የቻይና ብርድ ልብስ ይገዛል። ባለቤቴ ሳዲቅ ሥራ ሲፈታ ምን እንደሚሆን አንዴ አይቻለሁ። ላይ ዳገቱ ላይ ያሉት ፈታዮችም በጋውን የሚያልፉት በዚህ ነው። ያ ረቢ አንተው ያዘው።

ጥር 12

ጥያቄዎቹ በቴሌግራም መጡ። አሳምነው ባማርኛ አስተርጉሟቸዋል፤ አማርኛው ግን ፍርድ ቤት የቆመ ሰው ነው የሚመስለው። እኔ አነባለሁ፣ ሳዲቅ እየሸመነ ይመልሳል።

«ሠራተኛው በፈለገ ጊዜ ሥራውን መልቀቅ ይችላል?»

«ፈቃድ ጠይቄ እየጠበቅሁ ነው በያቸው።»

«ሳዲቅ፣ ቁም ነገር ነው።»

«እኔስ ቀልድ አልኩሽ?»

«ሠራተኞች ቅሬታ የሚያቀርቡበት ሥርዓት አለ?»

«እማማ ይርገዱ አፍ አላቸው። ከዚያ ወዲያ ምን ሥርዓት ያስፈልጋል?»

እንዲህ እየተሳሳቅን ደህና ደረስን። ከዚያ አንዱ ጋ ስደርስ ቆምኩ። «ያለ ክፍያ ለሌላ ሰው የሚሠራ ሰው አለ ወይ? ካለ ያብራሩ።»

አለ እንጂ። ሁሉም ነው። ሴቶቹ ተራ ገብተው ባንዷ ቤት ይሰበሰቡና የሷን ጠጉር ይፈትሉላታል፤ ገንዘቡን እሷ ትወስዳለች። በሌላው ተራ ሌላ ቤት ይውላሉ። የታመመች ወይም የወለደች ካለች ተራዋ ይቀድማል። ስትድን ትመልሳለች፤ ባትድን ማንም አይጠይቃትም። ወንፈል ነዋ። ይህን ለፈረንጅ እንዴት አድርጌ ነው የማብራራው? አንዷ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ሌሎቹን በነፃ የምታሠራ ነው የሚመስለው። ባዶውን ተውኩት።

ጥር 15

ባይኔ ልየው ብዬ በወግዲ መንገድ ወደ ዳገቱ ወጣሁ። ፈታዮቹ የብርሀንነሽ ቤት ተሰብስበዋል። ልጅቱ በቅርቡ ነው የወለደችው፤ ምጡ ክፉ ነበር፣ ገና በወጉ መቀመጥ አልቻለችም። ባሏ ለቀን ሥራ እንደወጣ አልተመለሰም። እሷ መደብ ላይ ልጁን አቅፋ ጋደም ብላለች፣ ሴቶቹ ዙሪያዋን ሆነው የሷን ጠጉር ይፈትላሉ። አንዷ ታፍታታለች፣ ሌላዋ ትፈትላለች፣ እማማ ይርገዱ ክሩን ባውራ ጣታቸው እየዳበሱ «ይህ ወፍሯል፣ ያንቺ ቀጥኗል» ይላሉ። «ፈርሂያ፣ ግቢ እንጂ» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጫማዬን አውልቄ መሀላቸው ዘፍ ነበር የምለው። ዛሬ በር ላይ ቆምኩ።

«እማማ ይርገዱ፣ ይህ ነገር ሊቀር ነው።»

«የቱ?»

«ወንፈሉ። ከእንግዲህ ሁሉም በየቤቷ፣ የየራሷን።»

«አራሷስ?»

«ስትበረታ ትፈትላለች።»

እንዝርታቸውን አላቆሙም። «ማነው ያለው?»

«ሕግ ነው።»

«የማን ሕግ?»

«የጀርመን።»

«እኛ ጀርመን መቼ ሄድን?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ብርሀንነሽም ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን ተናደድኩ። ለነሱ ብዬ ነው የምሯሯጠው፣ እነሱ ይስቁብኛል።

ጥር 20

ኔትወርክ የለም። መንገድም ተዘግቷል ይላሉ። መልስ የሚጠበቅበት ቀን እየደረሰ ነው። ራስ ምታት።

ጥር 21

የለም። ባንኩ ደጃፍ ላይ ይሠራል ያለኝ ሰው ዋሽቶኛል። ሳዲቅ «አብሽሪ» ይለኛል። አብሽሪ ማለት ለሱ ምን ይከብደዋል።

ጥር 23

ዛሬ አሳምነውን አገኘሁት። ወንፈሉን ነገርኩት። «እግዚኦ፣ እንዳትጽፊው» አለኝ። «ያለ ክፍያ የሚል ቃል ካዩ ነገሩ አለቀ። የለም በይና ጨርሺው።»

«ካለስ?»

«አንቺው አስቀሪው። ያኔ የለም ማለትሽ እውነት ይሆናል።»

«የለም» ብዬ ጽፌ ላክሁ። አልዋሸሁም፤ እንዳይኖር አድርጌያለሁና የለም።

የካቲት 2

በየልቃቂቱ ላይ የፈተለችው ሴት ስም መታወቅ አለበት ተባለ። ካርቶን በትንንሹ ቆርጬ፣ በክር እያሰርኩ፣ ስም እየጻፍኩ ሰጠኋቸው። በገበያ ቀን እቤቴ ግቢ ተሰለፉ። ማንበብ የማትችለውን አውራ ጣቷን ቀለም አስነከርኳት። እማማ ይርገዱ የሳቸውን ከፍ አድርገው እያዩ፣ «ልቃቂት ክርስትና ተነሣ። አበልጁ ማን ሊሆን ነው?» አሉ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ግን ብርሀንነሽ እንደሌለች ትዝ አለኝ። የሷን ካርቶን ጻፍኩት፤ ለማን እንደምሰጠው ግራ ገብቶኝ ኪሴ ከተትኩት።

የካቲት 10

ከሳዲቅ ጋር ተኳረፍን። ክሩ አይሆንም አለኝ። «አንዱ ገመድ ነው፣ አንዱ የሸረሪት ድር። አብረው ሲፈትሉ ይተያያሉ፣ ይተራረማሉ፤ ለየብቻ ሲሆኑ እያንዳንዷ ያመሏን ፈተለች። ይኸውልሽ ባናው ተንሻፈፈ።» አየሁት፤ ጫፉ እንደ ሰካራም ሄዷል።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ወንፈሉን መልሺላቸው።»

«እኔ ወሰድኩባቸው እንዴ? ሕጉ ነው እንጂ!»

«ሕጉን አላየሁትም። ዳገቱን ወጥተሽ ስትነግሪያቸው ያየሁት አንቺን ነው።»

እራት አልበላሁም። እሱም «ብይ» አላለኝ። ይህ ሁሉ ለማን ሆነና ነው? የኔ ጥፋት አይደለም።

የካቲት 18

ዛሬ የብርሀንነሽ ልጅ ክርስትና ነው። ጠርተውኝ ነበር። የካርቶኑ ነገር ስላላለቀ ስኳር በሰው ላክሁ።

የካቲት 25

ረመዳን ገብቷል፤ ፈታዮቹም ሁዳዴ ይዘዋል። አገሩ ሁሉ ጾመኛ ነው፤ ሁሉም ቱግ ለማለት ቅርብ ነው። እኔ በተለይ።

ከሰዓት በኋላ ብርሀንነሽ መጣች። ልጁን አዝላለች። ከነጠላዋ ውስጥ ልቃቂት አውጥታ ፊቴ አስቀመጠች። ካርቶን አልነበረውምና «ስሜን ጻፊልኝ» አለች። አነሣሁት። ሁለት ጣቴ መሀል እንዳዞርኩት አወቅሁት። እጅ እንደ ፊት ነው፤ አይጠፋኝም። የሷ ክር አይደለም። እንዲህ ጠበቅ አድርጎ የሚያከርር የእማማ ይርገዱ እጅ ነው፤ ሌላውም የሌሎቹ።

«ማን ፈተለው?» አልኳት።

«እኔ» አለች። አታየኝም፤ ያዘለችበትን አንቀልባ ታስተካክላለች።

«ብርሀንነሽ።»

«እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ።»

«ይህን ከተቀበልኩ የሁላችሁም እንጀራ ይቋረጣል። ከገዢው የተላከ ሰው ሊመጣ ነው፣ ሊጠይቃችሁ። ውሰጂው።»

ልቃቂቱን መልሳ ሸሸገችው። ልጁ እንቅልፍ ወስዶት ጭንቅላቱ ወደ ጎን ወድቆ ነበር፤ አቃናችለትና ወጣች። «ውሃ ልስጥሽ» ማለት ነበረብኝ፤ ፀሐዩ ከባድ ነበር። ግን ጾም ላይ ነኝና አልታሰበኝም። ከባሏ ምንም አልሰማችም መሰለኝ። አልጠየቅኋትም።

ተደብቀው ወንፈል እየገቡ ነው ማለት ነው። አታለሉኝ። ለነሱ ስል ጎኔን አላሳርፍ፣ እነሱ ጀርባዬን ጠብቀው ያታልሉኛል።

መጋቢት 1

ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ሲያወሩ ሰማሁ። አላወቁኝም፤ ተከናንቤ ነበር።

«አራሷን ከነልጇ መለሰቻት አሉ።»

«ወላሂ?»

«ፈረንጅ ሆናለች እኮ። ስም ካልተጻፈበት አትነካም።»

ዞሬ ልናገራቸው ብዬ አፌ ድረስ ደርሶ ነበር። ተውኩት። ምን እላቸዋለሁ? ለጠላቶቻቸው ሲሆን ዝም፣ ለኔ ሲሆን ምላሳቸው ይረዝማል። እህሌን አስፈጭቼ ወጣሁ።

መጋቢት 6

ሴቶቹን የምትጠይቀው መርማሪ ከአዲስ አበባ በዚህ ሳምንት ትመጣለች። ራሄል ትባላለች። የምትጽፈው ሪፖርት በቀጥታ ገዢው ጋ ነው የሚሄደው።

ሴቶቹን ሰብስቤ አስጠናኋቸው። «ይህን ማን ፈተለው? ብትላችሁ?» «እኔ።» «ለሌላ ሰው ፈትለሽ ታውቂያለሽ? ብትልሽ?» «አላውቅም።» እንደ ተማሪ ዜማ ይዘው መለሱልኝ። እማማ ይርገዱ ዝም አሉ።

«አንቱስ?»

«በሁዳዴ አታስዋሺኝ ልጄ።»

«ይዋሹ አላልኩም። እንዲህ ብትልዎት እንዲህ ይበሉ ነው ያልኩት።»

«ታዲያ ያ ስሙ ምንድን ነው?»

ሴቶቹ መሬት መሬቱን አዩ። «እንግዲያው ዝም ይበሉ» አልኳቸው። «ዝም ማለቱን እችላለሁ» አሉ። ሲወጡ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ፤ እንደማዘን ነው። ማዘናቸው ከሁሉ ይልቅ አበሳጨኝ።

መጋቢት 10

ራሄል መንገድ ላይ፣ ደጎሎ ታድራለች። መንገዱ ጠዋት ይከፈታል ተብሏል። ግቢውን ሁለት ጊዜ አስጠረግሁ። ሳዲቅ «ሙሽራ ነው እንዴ የሚመጣው?» አለኝ።

መጋቢት 11

መጣች። ሄደች። አሁን ካፈጠርን በኋላ ነው የምጽፈው።

ትዕቢተኛ ሴትዮ ነበር የጠበቅሁት። ልጅ ናት፣ ሚኒባሱ አጥወልውሏት ፊቷ አመድ መስሎ ወረደች። ውሃ ሰጠኋት። አንገቷን ሰብራ ሁሉንም ሰላም አለች፣ እማማ ይርገዱን ጉልበታቸውን ሳመች። ደስ አለኝ፣ ይቺስ የኛው ናት አልኩ። የሳዲቅን መሸመኛ አየች፣ ማቅለሚያ በርሜሉን፣ ውሃው የሚወርድበትን ቦይ አየች። «ጥሩ ነው» እያለች ስልኳ ላይ ጻፈች። ልቤ መለስ አለ።

ከዚያ ሴቶቹ ጋ ተቀመጠች። ልቃቂት አንሥታ ካርቶኑን አነበበች።

«እማማ፣ ይህን እርስዎ ፈተሉት?»

«እኔው።»

«ለሌላ ሰው፣ ሳይከፈልዎት ፈትለው ያውቃሉ?»

እማማ ይርገዱ ዝም። እንዳሉት ዝም። ራሄል ወደሚቀጥለዋ ዞረች። እሷ ያስጠናኋትን ማለት ሲገባት አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ አንዷ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ሌላዋም። ወዲያው ሁሉም እኔን አዩ፤ ምን እንዲሉ እንደምፈልግ ከፊቴ ሊያነቡ። እኔ ደግሞ ምን ዓይነት ፊት እንዳሳየኋቸው እግዜር ይወቀው።

ራሄል ተከትላ አየችኝ። «እህት ፈርሂያ፣ አፉ በይኝ፣ ትንሽ ውጪ ልትሆኚልን?»

ከገዛ ግቢዬ ወጣሁ። አጥሩ ሥር ቆምኩ። መጀመሪያ ምንም አልሰማሁም። ቆይቶ የእማማ ይርገዱ ድምፅ፣ ከዚያ የሁሉም። ከዚያ ሳቅ። ስለኔ ይሁን አይሁን አላውቅም። ከዚያ ደግሞ ጸጥታ፣ መሀሉ ላይ «ብርሀንነሽ» የሚል።

ስትወጣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ አጠገቤ ቆመች። «ወንፈሉን ለምን አልጻፍሽውም?» አለችኝ።

«ያለ ክፍያ የሚሠራ ካለ ያልቃል አሉኝ።»

«ወንፈል መሆኑን እኮ ገልጸሽ ብትጽፊው ያልፍ ነበር። በተራ ነው፣ በፈቃዳቸው ነው፣ ማንም አላስገደዳቸውም። ያብራሩ ይላል እኮ።»

«አሁንስ መጻፍ አይቻልም?»

«እሱንም እጽፈዋለሁ። ግን ያየሁትንም መጻፍ አለብኝ።»

«ምን አየሽ?»

ደግ ልጅ ናት፣ እንዳይከፋኝ ቃል ስትፈልግ አየኋት። «ይፈሩሻል» አለችኝ።

እኔን? ይፈሩኛል? ልጅ ሲወልዱ ቅቤ የምልከው እኔ፣ ሲታመሙ ሀኪም ቤት የማደርሰው እኔ። ለሳዲቅ ነገርኩት። የሚያጽናናኝ መስሎኝ ነበር። ሾርባውን ጠጥቶ ጨረሰና «ብርሀንነሽን የሸኘሻት ቀን እኔም ፈርቼሽ ነበር» አለ።

መጋቢት 16

ከአሳምነው ምንም የለም።

መጋቢት 21

ዒድ ነው። በየዓመቱ እነ እማማ ይርገዱ ከላይ ወርደው «እንኳን አደረሳችሁ» ይሉን ነበር። ጾም ስለሆነ ሥጋ ባይቀምሱ እንኳ ዳቦና ሻይ አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። መንገዱ ሰላም አልነበረ ይሆናል። ሳዲቅ «ይሆናል» አለ።

መጋቢት 29

በግ ተሸልቶ ነጋዴዎች ጠጉሩን ይዘው መጡ። ልግዛ ወይስ አልግዛ? ገዢው ከቀረ መጋዘን ሙሉ ጠጉር ምን አደርገዋለሁ? ግማሹን ገዛሁ። ግማሽ ተስፋ ማለት ነው።

ሚያዝያ 8

አሳምነው ደወለ። ድምፁን ስሰማ አወቅሁት፤ «እንዴት ናችሁ፣ ልጆች እንዴት ናቸው» አበዛ። እኛ ልጅ የለንም፣ ያውቃል።

ገዢው ተወን። በራሄል ሪፖርት አይደለም አለኝ። ሪፖርቱ ደህና ነው፤ ፍርሃቱን የሚያስተካክሉበት ጊዜ ይሰጣቸው የሚል ነው። ወንፈሉንም አሳምራ ጽፋዋለች አሉ። ገዢዎቹ ግን ዳገት ለዳገት የተበተነ ፈታይ መከታተል ወጪው አይሆንልንም ብለዋል። ሁሉም ባንድ ግቢ፣ በማሽን የሚሠራ ፋብሪካ ሌላ አገር አግኝተዋል። እዚያ የሚጠየቀው አንድ ሰው ነው።

«ሕጉስ?» አልኩት። «ይህን ሁሉ ያደረግሁት ለሕጉ አይደል?»

«እሱ ደግሞ ተራዝሟል እየተባለ ነው። ከበዛ ሊያላሉትም ይሆናል።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆየሁ። ዘግቶ ነበር። ሳዲቅ መወርወሪያውን አቁሞ ያየኛል። ነገርኩት። «የጀመርኩትን ልጨርሰው?» አለኝ። «ጨርሰው» አልኩት። ያን ባና ማን እንደሚገዛው ሁለታችንም አላነሣንም።

ያለቀስኩት ኋላ ነው። ጥፋቱ የኔ ቢሆን ይሻል ነበር፤ የኔ ከሆነ የማስተካክለው ነገር ይኖረኝ ነበር።

ሚያዝያ 14

ፋሲካቸውን በሰላም ይዋሉ ብዬ ሁለት ቀን ታገሥኩ። ዛሬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ንግግሬን ሳዘጋጅ ነበር፤ ገዢው እንዲህ አለ፣ ሕጉ እንዲህ ሆነ፣ እኔ እንዲህ ሞክሬ ነበር። ስደርስ የብርሀንነሽ ቤት ናቸው፣ ሁሉም። እንዝርታቸው እጃቸው ላይ ነው። ሲያዩኝ ሸሸጉት። በነጠላ፣ ከጉልበታቸው ሥር። እማማ ይርገዱ ብቻ አልሸሸጉም።

«እንኳን አደረሳችሁ» አልኩ። «እንኳን አብሮ አደረሰን» አሉ። ቦታ ለቀቁልኝ፤ ተቀመጥኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

«ገዢው ሄደ» አልኩ። «ከእንግዲህ የምቀበላችሁ የለኝም። ሌላ እፈልጋለሁ፤ አገኛለሁ ግን አልላችሁም።»

ማንም አልጮኸም። አንዷ «የእግዜር ፈቃድ ነው» አለች። አንዷ ልጆቿን የምታስተምርበትን አሰበች መሰለኝ አይኗን ጠረገች። እማማ ይርገዱ ለረጅም ጊዜ እንዝርቱን በጣታቸው መሀል አዞሩት። ከዚያ ቀና ብለው፣ ምንም ማሽሟጠጥ ሳይኖርበት፣ የቀበሌ ሹም ፊት እንደቆመ ሰው በትሕትና ጠየቁኝ።

«እንግዲያ አሁን ወንፈል መግባት ይፈቀድልናል?»

«ይፈቀድላችኋል» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ከነጠላው ሥር እንዝርቱ ወጣ። ለገበያ ባይሆን ለየቤታቸው ይሆናቸዋል፤ ብርዱ ሊመጣ ነው።

ብርሀንነሽ መደቡ ላይ ነበረች። ልጁን ታጠባለች። ቀና አላለችም። ይቅርታ ልላት ተነሣሁ፤ እግሬ ስር ያለውን ጠጉር እንዳልረግጥ ስጠነቀቅ ልጁ ጡቱን ትቶ ዞሮ አየኝ። ወፍሯል፣ ጠጉሩ በዝቷል። «አድጓል» አልኩ። «አዎ» አለች። ይቅርታውን ሳልናገረው ወጣሁ።

ሳዲቅ በር ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ምን አሉ አላለኝም። ፊቴን አይቶ ወሬ ለመለወጥ ይሆናል፣ «የብርሀንነሽ ልጅ ማን ተባለ?» አለኝ።

አላውቅም አልኩት።